አሮጌው መኪና ሲንኳኳ፦ ሞተሩን ከማስወረድዎ በፊት ጆሮዎ ምን ሊነግርዎ ይችላል?

ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት ያገለገለ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ያለው ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈራው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ሞተሩ መውረድ አለበት።» ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ነዳጅ ተረግጦ፣ በደቂቃ ውስጥ ነው። ተከትሎት የሚመጣው ወጪ ግን ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ሞተሩ ወርዶ ከተፈታ በኋላ የድምፁ ምክንያት ከውጭ በአንድ ቁልፍ ሊጠብቅ ይችል የነበረ ቡሎን ሆኖ መገኘቱ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሞተር መጠገን አያስተምርም። የሚያስረዳው ድምፁ ከየት ሊመጣ እንደሚችል፣ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይና ገንዘብ ሳይወጣ፣ ወይም ጥቂት ወጥቶ፣ እስከ የት መድረስ እንደሚቻል ነው። የነገሩ ሁሉ መነሻ «ድምፁ ምን ይመስላል?» የሚለው ጥያቄ ሳይሆን «መቼ ይሰማል?» የሚለው ነው። አንዱን ድምፅ አንድ ሰው «ቀጭ ቀጭ»፣ ሌላው «ኳ ኳ» ሊለው ይችላል። ጠዋት ተሰምቶ ሞተሩ ሲሞቅ በመጥፋቱ ላይ ግን ሁለቱ አይለያዩም።

ሞተር ለምን ያንኳኳል?

በሞተር ውስጥ ፒስተኖች በሲሊንደሮች ውስጥ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ቢዬላ የሚባለው ክንድ ይህን መውጣትና መውረድ ክራንክሻፍት ለሚባለው ዋና ዘንግ ያስተላልፋል፤ ዘንጉም ይሽከረከራል። ቫልቮላዎቹን በየተራ የሚከፍተው ካምሻፍት የሚባል ሌላ ዘንግ ነው፤ በእነሱ በኩል አየር ይገባል፣ ጭስ ይወጣል።

ጤነኛ ሞተር ውስጥ ቢዬላው ክራንክሻፍቱን በቀጥታ አይነካውም። በመካከላቸው ከሰው ፀጉር የማይወፍር፣ ብዙ ጊዜ ከ0.03 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት አለ። ይህን ክፍተት የሚሞላው በግፊት የሚመጣ ዘይት ነው፤ ብረቱ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ይኖራል ማለት ይቻላል። ክፍተቱ ሲሰፋ ወይም ዘይቱ ሲሳሳ ብረት ብረትን ይመታል።

ማጠፊያው የላላ በር ያስቡ። ዝም ብሎ ሲቆም ድምፅ የለውም። የሚንኳኳው ሲገፉት ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ ከመግፋት ወደ መሳብ ሲቀይሩ። የላላ ሞተርም እንደዚሁ ነው። አንድ ድምፅ ነዳጅ ሲሰጡ፣ ሲለቁ ወይም ዳገት ላይ ሲጨምር፣ ያ ጭማሪ የላላው የትኛው ማጠፊያ እንደሆነ ይጠቁማል።

ፎር ዊል ድራይቭ ከሌላው መኪና በምን ይለያል?

የሚሽከረከር አካል ይበዛበታል። ከካምቢዮው ቀጥሎ ትራንስፈር የሚባል ሁለተኛ የማርሽ ሳጥን አለ። ከእሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ረጃጅም ዘንጎች ይወጣሉ፤ በዘንጎቹ ጫፍ ክሮቼራ የሚባሉ የመስቀል ቅርጽ ያላቸው መጋጠሚያዎች፣ ከእነሱም ወዲያ ሁለት ዲፈረንሻሎች አሉ። ይህ ሁሉ በአንድ የብረት ሻንሲ ላይ ተያይዟል። ብረት ደግሞ ድምፅ ያጓጉዛል፤ ኋላ የተነሣ ኳኳታ መሪው ሥር የተነሣ ሊመስል ይችላል።

አኗኗሩም የተለየ ነው። ጎኑን አጋድሎ በተዳፋት ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ ዘይቱ ካነሰ፣ የዘይት ፓምፑ በዘይት ፋንታ አየር ይስባል። አቧራ ውስጥ ይውላል፤ በአየር ማጣሪያው ቧንቧ ላይ ያለች ትንሽ ስንጥቅ የምታስገባው አቧራ ፒስተንና ሲሊንደርን እንደ ሞረድ ይበላል። ወንዝ ይሻገራል፤ በአየር መሳቢያው የገባ ውኃ ደግሞ አይታመቅምና ቢዬላ ያጎብጣል። ስለዚህ ድምፁ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ቀናት መኪናው የት እንደዋለ ማስታወስ ከምርመራው እኩል ነው።

መጀመሪያ ምን ልይ?

ዘይቱን። ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ጠርገው፣ መልሰው ከተው ያንብቡት። ይህን ያህል ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ፣ ወደ ሌላ ምርመራ ከመሄድዎ በፊት ይሙሉት፤ የጎደለበትንም ምክንያት ይፈልጉ።

ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱ። የብዙዎቹ ፎር ዊል መኪኖች ሞተር ከሥሩ መከላከያ ብረት አለው። በዚያ ብረትና በዘይት ማጠራቀሚያው መካከል የገባ አንድ ጠጠር ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይነጥርና ልብ የሚያስደነግጥ ኳኳታ ያሰማል። የመከላከያው ቡሎን ሲላላ፣ የጭስ ቧንቧው ሻንሲውን ሲነካ፣ ሙቀት የሚከላከለው ስስ ቆርቆሮ ሲሰነጠቅም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቧንቧው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በመዳፍዎ ሁሉንም መታ መታ ያድርጉ። የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ያኔውኑ ራሱን ያጋልጣል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምንዎ። ሞተር እየሠራ ሲያዳምጡ ሻርፕና ክራባት ያውልቁ፤ ረጅም ፀጉር ይሰብስቡ፤ እጅጌ ይጠቅልሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ ሳያስጠነቅቅ ይነሣል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አያስነሡ፤ የጭሱ መርዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ደግሞ ፈጽሞ አይግቡ።

ድምፁ በእርግጥ ከሞተሩ ነው?

መኪናውን አቁመው፣ ማርሹን ነጻ አድርገው፣ ድምፁ በጉዞ ላይ ወደሚሰማበት የሞተር ፍጥነት ነዳጅ ይስጡ። ቆሞም ከተሰማ ተጠርጣሪው ሞተሩ ወይም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ቆሞ ካልተሰማ ግን ገና ሞተሩን አይክሰሱት። ሜዳና ባዶ በሆነ መንገድ ላይ ማርሹን ነጻ አድርገው መኪናው በራሱ እንዲንከባለል ይተዉት። ሞተሩን ግን አያጥፉት፤ ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም አጋዥ ኃይል ይጠፋል። የሞተሩ ፍጥነት ወርዶ ድምፁ ከጎማው ፍጥነት ጋር ከቀጠለ፣ ነገሩ ያለው በጎማ ኩሽኔታ፣ በዲፈረንሻል ወይም በዘንጎቹ ነው። ወደ አንድ ወገን ሲታጠፉ የሚጨምርና ወደ ሌላው ሲታጠፉ የሚቀንስ ማጓራት ብዙውን ጊዜ የጎማ ኩሽኔታ ነው።

መኪናው ሲነሣ፣ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር አንድ ጊዜ «ኳ» ብሎ ዝም ካለ፣ ክሮቼራዎቹን ይያዙና ያወዛውዙ፤ ጎማዎቹ ግን በሚገባ ታግደው። አንዳንዴ መድኃኒቱ ግራሶ ብቻ ነው።

የፍሪሲዮን ፔዳልም ይመሰክራል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ፔዳሉን ሲረግጡ የሚጠፋ ድምፅ ከካምቢዮው ኩሽኔታ ይመጣል። ሲረግጡ የሚጀምር ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱም የሞተር በሽታ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ሞተሩን አይመለከቱትም።

ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ?

ከሁሉም ጥያቄዎች የበለጠ የሚያተርፈው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆይ።

ጠዋት በመጀመሪያው ማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሰማ ካካታ፣ ሌሊቱን ወደ ታች የወረደው ዘይት እስኪመለስ የሚቆይ ነው። በዘይት ግፊት የሚሠሩ የቫልቮላ መግፊያዎችና ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት መወጠሪያዎች ባዶ ስለሚሆኑ ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚይዝ ትንሽ የላስቲክ ክዳን በብዙ የዘይት ማጣሪያዎች ውስጥ አለ፤ ርካሽ ማጣሪያ ይህን ክዳን ደካማ ያደርገዋል ወይም ጭራሹን አይኖረውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ደህና ማጣሪያ ማስገባት ነው። ካካታው ከሰከንዶች አልፎ ከቀጠለ የሰንሰለቱ መወጠሪያና መምሪያ መታየት አለባቸው። ለምሳሌ በቶዮታ 22አር የቤንዚን ሞተር ላይ የፕላስቲኩ መምሪያ ሲሰበር ሰንሰለቱ የፊተኛውን ክዳን እየፋቀ እስከ ውኃው መተላለፊያ ድረስ ሊበሳው ይችላል። እዚያ ሞተር ላይ ካካታን መናቅ ዋጋ ያስከፍላል።

ለደቂቃዎች ቆይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ሁለት ዋና ባለቤቶች አሉት። አንዱ ፒስተን ነው። የላላ ፒስተን ቀዝቃዛ ሳለ የሲሊንደሩን ግድግዳ በጎኑ ይመታል፤ ሲሞቅ ያብጥና ቦታውን ይሞላል። ብዙ አሮጌ ሞተሮች ይህን ድምፅ ይዘው ለዓመታት ሠርተዋል። ሌላው የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ወደ አንድ ቧንቧ የሚሰበስበው ብረት ነው፤ ይኸኛው ብዙ ሰው ያሳስታልና ቀረብ ብለን እንየው።

ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሯል። ኮፈኑን ይክፈቱ፤ ሌላ ሰው ያስነሣልዎት። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ፈጣን ድምፅ ይሰማሉ፤ ቫልቮላ ይመስላል። ነዳጅ ሲሰጥ ይጠነክራል። ማኒፎልዱ ገና ሳይሞቅ፣ ቴስታታ ከሚባለው የሞተሩ የላይኛው ክፍል ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ መዳፍዎን ሳያስነኩ አቅርበው ያሳልፉ። በአንድ ቦታ ላይ አጭር አጭር የአየር ምት መዳፍዎን ይመታዋል። አሁን በባትሪ ብርሃን ያንን ቦታ ይዩት፤ በመካከላቸው ባለው ማሸጊያ፣ በጓርኒሲዮኑ ጠርዝ ላይ ጥላሸት እንደ ኩል ተስሎ ያገኙታል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ብረቱ ሞቆ ይለጠጥና ክፍተቱን ይደፍናል፤ ድምፁ ይጠፋል። ስድስት ሲሊንደሮች በተደረደሩባቸው ረጃጅም ሞተሮች ላይ ማኒፎልዱ በሙቀት በጣም ስለሚለጠጥ የጫፍና የጫፍ ቡሎኖች ቀድመው ይሰበራሉ። ጥገናው ቡሎንና ጓርኒሲዮን ነው። የተሰበረውን ቡሎን ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሞተር ማውረድ ግን አይጠይቅም።

የሚያሰጋው የተገላቢጦሹ ነው፦ ጠዋት ዝም ብሎ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጀምር ወይም የሚብስ ወፍራም ኳኳታ። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የሰፋውን ክፍተት መሙላት ያቅተዋል። ቢዬላ የሚመታ ሞተር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ነዳጅ ቀስ ብለው ሰጥተው፣ በደቂቃ 2,000 ዙር ገደማ ላይ ይዘው ድንገት ሲለቁት፣ በመልቀቂያው ቅጽበት ወፈር ያለ የ«ዷ ዷ» ድምፅ ይሰማል፤ ቀደም ያልነው የላላ በር ከመግፋት ወደ መሳብ የሚዞርበት ቅጽበት ነውና።

በቤንዚን ሞተር ዳገት ላይ ብቻ፣ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ጣሳ ውስጥ የተናወጠ ጠጠር የሚመስል ሹል ድምፅ ከተሰማ፣ ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ ወይም ተዛብቶ እየነደደ ነው። ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ያለመጠን መቅደሙ፣ የሞተር ከመጠን በላይ መሞቅና በፒስተን ራስ ላይ የተጋገረ ካርቦን ምክንያት ይሆናሉ። እነዚህ በአብዛኛው በማስተካከል የሚድኑ ናቸው፤ ዝም ከተባሉ ግን ፒስተን ያቀልጣሉ።

ምቱን እንዴት ልቁጠረው?

በአራት ምት ሞተር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ዙር ቢዞር፣ ክራንክሻፍቱ በሰከንድ ከ13 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ አንዱ ቫልቮላ ግን በሰከንድ ሰባት ጊዜ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በግማሽ ፍጥነት የሚመታ ድምፅ ከቫልቮላ፣ ከአንድ ሲሊንደር የጭስ ፍሳሽ፣ ከአንድ የናፍጣ መርጫ ወይም ካምሻፍቱ ከሚያንቀሳቅሰው የነዳጅ ፓምፕ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚመታው ክራንክሻፍቱ ላይ ወደተያያዙት ያመለክታል። ከሁለቱም ጋር የማይገጥም፣ በራሱ ምት የሚሄድ ድምፅ ደግሞ በቺንጊያ፣ ማለትም በላስቲክ ቀበቶ ከሚዞሩት ይመጣል፤ ቺንጊያው የሚያዞራቸው የዲናሞና የውኃ ፓምፕ ፑሊዎች ስፋታቸው የተለያየ ስለሆነ ፍጥነታቸውም የራሳቸው ነው። ፍጹም ሕግ አይደለም፤ ቢዬላ አንዳንዴ ነዳጁ በሚነድበት ምት ላይ ብቻ ጎልቶ ይሰማልና። መስኩን ግን ያጠብባል።

ይህን በጆሮ መቁጠር ከባድ ነው። ድምፁን በስልክዎ ቀድተው፣ ፍጥነቱን ወደ ሩብ አውርደው ያጫውቱት፤ ምቶቹ አንድ በአንድ ይለያያሉ። ቀረጻውን ከነቀኑ ያስቀምጡት፤ ከወር በኋላ «ብሶበታል ወይስ እኔ ፈርቼ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከትዝታ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

ቦታውን ለማግኘት ረጅም ካቻቢቴ ይበቃል። ጫፉን በሚጠረጥሩት ብረት ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዎ ፊት ባለው አጥንት ላይ ያስደግፉ። ከማራገቢያውና ከቺንጊያው ይራቁ። ከቴስታታው ክዳን ወደ ሲሊንደሩ ጎን፣ ከዚያ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው፣ ከዚያ ወደ ዲናሞው እያዘዋወሩ ያወዳድሩ። ድምፁ የሚጎላበት ቦታ ምንጩ ያለበት አካባቢ ነው።

ቢዬላ መስለው የሚያታልሉ አሉ?

አሉ፤ በዚህ ምክንያት የወረደው ሞተር ብዙ ነው። ክራንክሻፍቱ ፊት ለፊት ያለው የቺንጊያ ፑሊ በብዙ ሞተሮች ከሁለት ብረቶች የተሠራ ነው፤ በመካከላቸው መንቀጥቀጥን የሚያለዝብ የላስቲክ ቀለበት አለ። ላስቲኩ ሲያረጅ ውጫዊው ቀለበት ይንሸራተታል፣ ይወዛወዛል፣ ያንኳኳልም። መፈተኛው አንዲት የቀለም መስመር ናት፤ ከመሐሉ ብረት ጀምረው ላስቲኩን አቋርጠው እስከ ውጫዊው ብረት ድረስ ያስምሩ። ጥቂት ቀን ነድተው ይመልከቱ። መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ከተዘዋወረ ጥፋተኛው ተገኝቷል። የዚሁ ፑሊ መካከለኛ ቡሎን ሲላላም ድምፁ ከቢዬላ አይለይም።

በኋላ በኩል ደግሞ አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው መኪኖች ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ስስ የብረት ሳህን ሲሰነጠቅ፣ ወይም ቡሎኖቹ ሲላሉ፣ ወፍራም ኳኳታ ይወጣል። ከሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈትቶ በባትሪ ማየት ይቻላል። የሞተሩ መቀመጫ ላስቲክ ወርዶ ማራገቢያው ሽፋኑን ሲነካ፣ ያልጠበቀ ካንዴላ ጭስ ሲያሾልክ፣ በብዙ ናፍጣ ሞተሮች ዲናሞ ጀርባ ላይ ያለው የፍሬን አየር መሳቢያ ፓምፕ ሲያረጅ፣ ሁሉም በሞተሩ ስም ይጮኻሉ።

ቺንጊያ ሲጥ ሲል ሞተሩ እየሠራ ጎድጓዳ መስመሮች ባሉበት ገጹ ላይ ከርቀት ጥቂት ውኃ ይርጩበት። ድምፁ ለጊዜው ከጠፋ ፑሊዎቹ መስመር ስተዋል ወይም ቺንጊያው አርጅቷል፤ ከባሰ ላልቷል። የፑሊዎቹን ኩሽኔታ ለማወቅ ሞተሩን አጥፍተው፣ ቺንጊያውን አውልቀው፣ እያንዳንዱን በእጅ ያዙሩ። ጤነኛው ዝም ብሎ ይዞራል፤ ያረጀው አሸዋ እንደገባበት ይፈጫል።

ናፍጣ ሞተር ሁልጊዜ ያንኳኳ የለ?

አዎ፤ ናፍጣ ራሱ በእመቃ ሙቀት ሲነድ ይመታልና። መጠየቅ ያለበት ከአራቱ ወይም ከስድስቱ ሲሊንደሮች አንዱ ተለይቶ ይመታል ወይ የሚለው ነው። በሜካኒካዊ ፓምፕ በሚሠሩ አሮጌ ሞተሮች ላይ ልምድ ያለው ሰው ወደ አንዱ መርጫ የሚሄደውን ቧንቧ ዳዶ በጨርቅ ሸፍኖ ሩብ ዙር ያላላል፤ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። ሹሉ ድምፅ ወዲያው ከጠፋ መርጫው ይጠረጠራል፤ መርጫ ደግሞ ወጥቶ ሊፈተሽ ይችላል። ወፍራሙ ድምፅ ከቀነሰ የዚያ ሲሊንደር ፒስተን ወይም ቢዬላ ይታያል። ምንም ካልተለወጠ ወደ ሌላ ቦታ ይኬዳል። በቤንዚን ሞተር ይኸው ፈተና የሚደረገው ሞተሩን አጥፍቶ የአንዱን ካንዴላ ሽቦ ነቅሎ፣ ጫፉን ከብረት አገናኝቶ እንደገና በማስነሣት ነው፤ ለአጭር ጊዜ ብቻ።

የናፍጣውን ፈተና ኮመን ሬይል በሚባለው አዲሱ ዓይነት ሞተር ላይ ፈጽሞ አይሞክሩ። የነዳጁ ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ስለሚችል የሚፈናጠረው ነዳጅ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። በአሮጌውም ቢሆን መነጽር ያድርጉ፣ እጅዎን ከዳዶው ፊት ያርቁ።

ድምፅ የሌለው ሞተር ጤነኛ ነው ማለት ነው?

አይደለም። የቫልቮላው ክፍተት ሲሰፋ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ሲጠብ ግን ዝም ይላል። የጠበበ ቫልቮላ በደንብ አይዘጋም፣ ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስተላለፍ አይችልም፣ ይቃጠላል። ስለዚህ «ጠቅ ጠቁን አጥፉልኝ» ብሎ ማስጠበቅ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ትክክለኛው በሞተሩ መመሪያ ላይ በተጻፈው ቁጥር ልክ በመለኪያ ማስተካከል ነው። ካምሻፍቱ በላስቲክ ቺንጊያ የሚዞርባቸው እንደ ቶዮታ 1ኤችዜድ ያሉ ሞተሮችም አሉ፤ ያ ቺንጊያ ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይበጠሳል። የኒሳን ቲዲ42 ደግሞ በማርሽ ስለሚዞር የሚበጠስ ቺንጊያም የሚካካ ሰንሰለትም የለውም። የሞተርዎን መለያ ቁጥር ማወቅ የተጠርጣሪዎቹን ዝርዝር ያሳጥራል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የወጣው የቶዮታ 1ኤችዲቲ ለምሳሌ፣ የቢዬላው መቀመጫ ብረቶች ያለጊዜያቸው በማለቃቸው በባለቤቶቹ ዘንድ ይታወቃል፤ እዚያ ላይ ወፍራም ኳኳታ ሲሰማ ጥርጣሬው ከሌላው ሞተር ይበልጥ ይከብዳል።

ከዘይቱ ምን ይነበባል?

ብዙ። ከታሰበው ቀን አስቀድሞ ዘይት መቀየር በዚህ ጉዳይ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ የተሻለ ነው፤ ምርመራውም ሕክምናውም አንድ ላይ ነውና። ለብ ሲል ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አፍስሰው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡትና ያዘንብሉት። ጥቂት ጠብታ በነጭ ጨርቅ ላይ ያሹ። ማጣሪያውን ቆርጠው ወረቀቱን ይዘርጉ። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የሚገኝ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው። ማግኔት የማይስበው፣ የብር ቀለም ያለው ብናኝ የቢዬላ ወይም የክራንክሻፍት መቀመጫ መበላት ምልክት ነው። የመዳብ ቀለም ከታየ ላይኛው ሽፋን አልቆ ወደ ውስጠኛው ደርሷል። በመለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ መግባቱን ይናገራል፤ እንዲህ ያለ ሞተር መነዳት የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዘይት ግፊት ነው። ብዙ ሰው ቀዩ መብራት ስላልበራ ይጽናናል። ያ መብራት ግን በብዙ መኪኖች የሚበራው ግፊቱ ወደ ግማሽ ባር ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው፤ ከረፈደ በኋላ። በመብራቱ መለኪያ ቦታ እውነተኛ የግፊት መለኪያ አስገብቶ፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ማንበብ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በመካኒኮች ዘንድ የቆየው ልማዳዊ ሚዛን ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 0.7 ባር ገደማ የሚል ነው፤ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይቀድማል። ኳኳታ ኖሮ ግፊቱ ጥሩ ከሆነ፣ ሞተሩን ከማውረድ በፊት ከላይ የተባሉትን አታላዮች እንደገና መፈለግ ይገባል።

ወፍራም ዘይት ወይም ድምፅ አጥፊ ፈሳሽ መጨመር ምንም አያድንም። ኳኳታውን ለሳምንታት ያለዝበዋል፤ የሚበላው ብረት ግን መበላቱን አያቆምም፤ ጠዋት ደግሞ ወፍራሙ ዘይት ለመድረስ ይዘገያል። መኪና ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው ይጨምረው ይሆናል። ይዞት ለሚኖር ሰው አይጠቅምም።

መቼ ነው ወዲያው ማቆም ያለብኝ?

የዘይት መብራት ከድምፅ ጋር ከበራ። ሲሞቅ የሚብስ ወፍራም ኳኳታ ከተሰማ። ሞተሩ ውኃ ከተሻገረ ወይም ከመጠን በላይ ከሞቀ በኋላ አዲስ ድምፅ ከጀመረ። ውኃ ውስጥ ቀጥ ብሎ የጠፋን ሞተር እንደገና ለማስነሣት አይሞክሩ፤ ካንዴላዎቹ ወይም መርጫዎቹ ወጥተው ውኃው መውጣት አለበት። በጊዜ የቆመ ሞተር የቢዬላውን መቀመጫ ብረቶች ብቻ ቀይሮ የሚድንበት ዕድል አለው፤ በብዙ ፎር ዊል መኪኖች ይህ ሥራ ዘይት ማጠራቀሚያውን ከሥር አውርዶ፣ ሞተሩ ሳይወጣ ሊሠራ ይችላል። «ቤት ልድረስበት» ተብሎ የተነዳው ግን ክራንክሻፍቱን ይፍቃል፤ ቢዬላው ከተበጠሰ ደግሞ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል።

ወደ መካኒክ ስሄድ ምን ልበል?

«ሞተሩ ይንኳኳል» አይበሉ። «ቢዬላ ይመስለኛል»ም አይበሉ፤ የፈለጉትን ስም ከሰጡት የሚፈለገው እሱ ብቻ ይሆናል። ያዩትንና የሰሙትን ብቻ በወረቀት ጽፈው ይስጡ፤ ቀረጻውንም ያሰሙ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ጠዋት አይሰማም። ከሃያ ደቂቃ ጉዞ በኋላ ይጀምራል። ቆሞም ይሰማል፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ አይለወጥም። ነዳጅ ሲለቀቅ ይጎላል። በካቻቢቴ ሲደመጥ ከፊት በኩል፣ ከታች ይበረታል። ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ማጣሪያው ተቆርጦ ታይቷል፣ ብናኝ የለውም። በክራንክሻፍቱ የፊት ፑሊ ላይ የተሰመረው ቀለም በሦስት ቀን ውስጥ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ተንሸራቷል።»

ይህን ወረቀት ያነበበ መካኒክ መጀመሪያ የሚያነሣው የዚያን ፑሊ ቡሎን የሚፈታ ቁልፍ ነው።